ቴርሞሜትሩ 92 ሲል

ዘንገና ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አስፋልት አጠገብ፣ በዛፍ ተከብቦ ቁልቁል የተቀመጠ ክብ ሐይቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በዚያ ሐይቅ ዳር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ያደረጉት ሆኖ ተጽፏል። አንደኛው በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሳይንስ ሲያስተምሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ሌላዋ የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ናት። ሰዎቹ ምናባዊ ናቸው፤ የሚጠቅሱት ማስረጃ ግን እውነተኛ ነው። የሚያከራክራቸው ጉዳይ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ተሳስረው ሲሰጡ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም ሰው ስቴም የሚለው ትምህርት፣ ነገ ክፍል ውስጥ የሚቆመውን የሳይንስ መምህር ምን ያስችለዋል የሚለው ነው።

ሱፐርቫይዘሯ፦ እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ስቴም የሚለው ቃል ሰልችቶኛል። ስብሰባ ላይ ይነሣል፣ ዓመታዊ ዕቅድ ላይ ይጻፋል፣ ባነር ላይ ይታተማል። በዩኒቨርሲቲዎች የስቴም ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ልጆች በክረምት ሮቦት ሲገጣጥሙ በቴሌቪዥን እናያለን፤ ደስ ይላል። ግን እነዚያ ልጆች ከየትምህርት ቤቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀረው ተማሪ ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘው አንድ መምህር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ካለም አንድ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ የስቴም ነገር እውነት ከሆነ መታየት ያለበት በመምህሩ ላይ ነው፤ ሮቦቱ ይቆየን። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ዕጩ መምህር ካልሠለጠነው በምን ይለያል? ሰነዶቹ "የ21ኛው ክፍለ ዘመን ክህሎት" ብለው ያልፉታል። እኔ የምፈልገው ክፍል ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዓይኔ የማየውን ነገር ነው።

መምህሩ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እንግዲያው ከውኃ ልነሣ። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ይህን የማያውቅ የሳይንስ መምህር በአገሩ የለም። አሁን አንድ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጥደሽ፣ ውኃው እየተንተከተከ ሳለ ቴርሞሜትር ብትነክሪበት ግን እዚህ 100 አታገኚም። ይህ አገር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ወርዷል፤ ስለዚህ ውኃው በ92 ገደማ ይፈላል። ዳንግላ ዝቅ ስለምትል አንድ ዲግሪ ያህል ትጨምራለች፤ ባሕር ዳር ወደ 94 ነው። ድንችና ባቄላ ደጋ ላይ ሲበስሉ የሚዘገዩትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ማንቆርቆሪያውን ከበው ቆመዋል፤ ቀዩ ፈሳሽ 92 ላይ ተገትሮ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው" አለ። መምህሩ እዚች ላይ ምን ያደርጋል? አንዱ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ 100 ብላችሁ ጻፉ" ይላል። የተበላሸ ቴርሞሜትር በዚህ አገር ስንቱን ኃጢአት ተሸክሟል መሰለሽ! ሌላው እንዲህ ያለ ጣጣ እንዳይመጣበት ቀድሞውኑ ማንቆርቆሪያውን ወደ ክፍል አያስገባም። ሦስተኛው ግን "እስቲ በሌላ ቴርሞሜትር እንድገመው፤ አሁንም 92 ካለን መጽሐፉ የት ሆኖ ነው የለካው?" ይላል። ሦስቱም የአየር ግፊትና ነጥበ ፍሌት የሚለውን ርእስ ኮሌጅ ተምረው፣ ተፈትነው፣ አልፈዋል። በዕውቀት አይበላለጡም። የሚለያዩት የለኩት ነገር ከመጽሐፉ ጋር ሲጋጭባቸው በሚያደርጉት ነው። የሳይንስ መምህር ክህሎት የምለው ይህንን ነው፤ ስቴም ለዕጩ መምህር የሚሰጠው ነገር ካለም ይኸው ነው።

ሱፐርቫይዘሯ፦ ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር አድበስብሰው አለፉ። ሦስተኛው መምህር ያደረገው የጠባይ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ደፋርና ጠያቂ ሆኖ የተወለደ አለ፤ ያልሆነም አለ። ኮሌጁ ጠባይ አይሰጥም። ደግሞስ የማስተማር ዘዴ ኮርሶች መች ጠፉ? ተማሪን ማሳተፍ፣ ቡድን ማደራጀት፣ በተግባር ማስደገፍ የሚለውን ዕጩ መምህሩ ሁሉ በቃሉ ያወርደዋል። ፈተና ላይ አሳምሮ ይጽፈዋል። ክፍል ሲገባ ግን ጠመኔውን ያነሣና ኖት ይሞላል።

መምህሩ፦ ጠባይ ቢሆን ኖሮ አንዳንዱ እንዲህ፣ አንዳንዱ እንዲያ ይሆን ነበር፤ አንቺ ግን የምትነግሪኝ ሁሉም ጠመኔ እንደሚያነሣ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የተማረው ነገር አለ ማለት ነው። ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ነገር በደንብ ይዞታል። ሐኪም ለመሆን የሚገባ ወጣት ሐኪም ሲሠራ ብዙ አላየም፤ መምህር የሚሆነው ግን ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ መምህራንን ሲያይ ኖሯል። ሙያውን ሳያውቀው ለምዶታል። ኮሌጁ በሁለት ሦስት ዓመት የሚሰጠው ስለ ማሳተፍ የሚናገር ኮርስ ያንን አይነቅለውም፤ ያውም ኮርሱ ራሱ በገለጻ ሲሰጥ! የአገው ፈረሰኛ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲጋልብ አይተሽ የለ? ስለ ግልቢያ ኖት ወስዶ አይደለም እዚያ የደረሰው።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ሳይንስና ሒሳብ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መካከሉን ስክሪኑ ይወስደዋል። የታሰበው ለመልካም ነበር፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ልጅ ሙከራ እንዲያይ ነው። አየም። ግን ያየው ሙከራ አንድም ጊዜ ከሽፎ አያውቅም። ጠብታው ይንጠባጠባል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ድምፁ "ስለዚህ..." ይላል፤ ያልገባው ልጅ አቁሞ ሊጠይቀው አይችልም። በዚያን ጊዜ 9ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ መምህራን ናቸው። ሙከራ ማለት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ትርኢት ነው ብለው ቢያምኑ በእነሱ ይፈረዳል? ከዚያ በኋላ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. አንሥቶ ፒጂዲቲ እየተባለ የሚጠራው ሥልጠና መጣ፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ፊዚክስሽን ጨርሰሽ ትመረቂያለሽ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ማስተማር ትማሪያለሽ። ፊዚክሱ አንድ ሕንፃ፣ ማስተማሩ ሌላ ሕንፃ። ቴርሞሜትሩ 92 ሲል ምን እንደሚባል የሚማሩት በየትኛው ሕንፃ ነው? በሁለቱም አይደለም።

ሱፐርቫይዘሯ፦ እሺ፣ ታሪኩን እቀበላለሁ። ወደሚያሳስበኝ ነገር ግን ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከፍ አለ ተብሎ እፎይ አልን። መምህርነትን በመጀመሪያ ምርጫው የሚሞላ ጎበዝ ተማሪ ብርቅ እንደሆነ ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ። እንግዲህ ወደ መምህራን ትምህርት የሚመጣልን ልጅ የኦምን ሕግ አስተካክሎ የማይጽፍ፣ ክፍልፋይ የሚያምታታው ነው። መጀመሪያ ይዘቱን ይወቅ! የማያውቀውን እንዴት ይጠይቃል? እርስዎ ጣሪያ እያማረጡ ነው፤ ግድግዳው ገና አልቆመም።

መምህሩ፦ ይዘቱን ይወቅ ለሚለው ተቃውሞ የለኝም። ይዘት የማያውቅ መምህር በስቴም ቢሠለጥን የሚያምር ድንቁርና ነው የሚኖረው። ጥያቄው ማወቅ የምንለው ምን እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም አለ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንና መምህራን በምረቃ ቀናቸው፣ ካባ እንደለበሱ፣ በጋና ክረምት ለምን ይፈራረቃሉ እንደሚለው ያለ የጠፈር ጥያቄ ሲጠየቁ፣ ከ23ቱ 21ዱ ተሳሳቱ። ብዙዎቹ ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል አሉ። እነዚህ ፈተና የወደቁ ሰዎች አልነበሩም። ከልጅነት ጀምሮ በልባቸው ያደረ የተሳሳተ ሐሳብ ነበራቸው፤ ትምህርቱ ከላዩ ላይ ተለጠፈበት እንጂ አልነካውም።

ፊሊፕ ሳድለርና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት 181 የመካከለኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንንና ከ9,500 በላይ ተማሪዎቻቸውን ፈትነዋል። መምህራኑን የጠየቋቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ትክክለኛውን መልስ ስጡ፤ ሁለተኛ ተማሪዎቻችሁ አብዝተው የሚመርጡት የተሳሳተ መልስ የቱ ነው? መልሱን ብቻ የሚያውቁት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ጥቂት አሻሻሉ። መልሱንም ስሕተቱንም የሚያውቁት ግን አንድ የተሳሳተ መልስ ብዙ ተማሪ በሚስብባቸው ከባድ ጥያቄዎች ላይ ይበልጥ አሻሻሉ። እንግዲህ የተማሪን ስሕተት ማወቅ ራሱ የይዘት ዕውቀት አካል ነው። ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ትምህርቱንና ማስተማሩን የሚያገናኝ ለመምህር ብቻ የተለየ ዕውቀት አለ ያለው ይህንን ነበር። ይህ ዕውቀት ከየት ይመጣል? ዕጩ መምህሩ ራሱ ገምቶ፣ ለክቶ፣ ግምቱ ፉርሽ ሆኖበት፣ ለምን እንደተሳሳተ ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሮ ካላለፈ የተማሪውን ስሕተት ከየት ያውቀዋል? ያልተሳሳተ ሰው ስሕተት አይታየውም።

ሱፐርቫይዘሯ፦ የሳድለርን ጥናት እኔም አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ የተዉትን ልጨምርልዎት። በንባብና በሒሳብ ደካማ የሆኑት ተማሪዎች በእነዚያ ከባድ ጥያቄዎች ላይ ከመምህሩ ዕውቀት የተጠቀሙት ነገር አልነበረም። መምህሩ ስሕተቱን ቢያውቅም ባያውቅም ለእነሱ ያው ነበር። የእኛ ተማሪ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ ወገን ነው።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ፣ እዚች ላይ ረታሽኝ። ከዚያ የምወስደው ትምህርት ግን ስቴምን እንተው የሚል አይደለም። ከአራቱ ፊደሎች የመጨረሻዋ ሒሳብ ናት፤ በእኛ ሥልጠና ደግሞ የተረሳችው እሷ ናት፤ ሮቦቱ ፊት ቆመ፣ ክፍልፋዩ ኋላ ቀረ። ንባቡም እንዲሁ ነው። በዚህ በአዊ ዞን ልጁ የመጀመሪያ ደረጃውን በአዊኛ ይጀምራል፤ ከፍ ሲል ሳይንሱ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። መምህሩ መካከል ላይ ቆሞ ሦስት ቋንቋ ያመላልሳል። ግፊት፣ ኃይል፣ ጉልበት የሚሉትን ቃላት ልጁ በቤቱ ቋንቋ ምን እንደሚላቸው ካላወቀ፣ የልጁን ስሕተት ሊሰማው እንኳ አይችልም፤ ልጁ የሳይንሱን ሐሳብ ስቶ ይሁን ቃሉን ስቶ አይለይም። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚሠለጥን የሳይንስ መምህር የቋንቋ ነገር ሊዘለልበት አይገባም። ይህን ሃርቫርድም አይነግረን፤ የእኛ ፋንታ ነው።

ሱፐርቫይዘሯ፦ ወደ ዕቃው እንምጣ። የሙከራ ኪት ከመጣ በካርቶኑ እስቶር ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቢሰበር የሚከፍለው መምህሩ ነዋ። ላብ ቴክኒሺያን የለም። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ዐሥሯ ልጆቹን በማስቀመጥ ታልቃለች። መጽሐፉ ደግሞ ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት። ሙከራ የሚወድ መምህር ምዕራፍ አምስት ላይ ይቀራል፤ ፈተናው ግን እስከ ምዕራፍ ዘጠኝ ይመጣል። ተማሪው ራሱ "ኖት ስጡን" ይላል።

መምህሩ፦ ዕቃ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ማይክሮስኮፕን በቆርቆሮና በገመድ አትተኪውም፤ ድሀ ትምህርት ቤት በብልሃት ይኑር እያሉ ማሞገስ በጀት ላለመስጠት የሚመች ሰበብ ነው። ጃፓኖች ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሲደግፉት የነበረው፣ በኋላም ወደ እኛ የመጣው የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ሥልጠና አካባቢ በቀል ዕቃን አንዱ ምሰሶው ያደረገው ግን በከንቱ አይደለም። ዕቃውን ራሱ የሠራ ሰው ሲበላሽ ይጠግነዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃው ምን ያህል እንደሚዋሽ ያውቃል።

ይህን ሐይቅ ተመልከቺ። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው፤ የአፉ ስፋት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር። ዕጩ መምህራንን እዚህ አምጥተሽ፣ ማዶ ያለችው ዛፍ ምን ያህል ትርቃለች? ውኃ ሳትነኩ ለኩ በያቸው። የሚያስፈልገው ገመድ፣ የሰሌዳ ፕሮትራክተርና የግንበኛ ቱምቢ ነው። 100 ሜትር መነሻ መስመር ይዘረጋሉ፤ በአንዱ ጫፍ ዛፏን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ያያሉ፤ በሌላው ጫፍ ማዕዘኑን ያነባሉ። 84.3 ዲግሪ ካነበቡ ርቀቱ 1,000 ሜትር ይወጣል። አንዱ ቡድን እጁ ተንቀጥቅጦ 85.3 ብሎ ካነበበ 1,200 ይሆንበታል፤ ሌላው 83.3 ካለ 850። አንዲት ዲግሪ! እዚህ ላይ ነው ሥልጠናው የሚጀምረው። ማነው ልክ ይባባላሉ፤ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ብልህ መነሻውን 300 ሜትር እናድርገው ይላል። ያን ጊዜ ያቺው የአንድ ዲግሪ ስሕተት የምታመጣው ልዩነት 60 እና 70 ሜትር ብቻ ነው። ግን ዳርቻው ክብ ነው፤ 300 ሜትር ገመድ ቀጥ ብሎ ቢወጠር መካከሉ ውኃው ላይ ያርፋል። እንግዲህ ምን ይሻላል? ታንጀንት የምትባለዋ የሒሳብ ቃል በዚያች ሰዓት ሥጋ ትለብሳለች፤ ምህንድስና ማለትም ይኸው የምትፈልጊውና የመሬቱ ሁኔታ ሲጋጩ መላ መፈለግ ነው። ከዚህ የተመለሰ ዕጩ መምህር ክፍል ገብቶ ተማሪው የተለየ ቁጥር ሲያመጣ "ተሳስተሃል" ከማለቱ በፊት "እንዴት አድርገህ ለካኸው?" ብሎ ይጠይቃል።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ ስኮት ፍሪማንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኒቨርሲቲ የሳይንስና የሒሳብ ክፍሎች የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ገለጻ ብቻ በሚሰጥበት ክፍል የሚማረው ተማሪ የመውደቅ ዕድሉ እየሠራ ከሚማረው አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ አብዛኛው ማስረጃ ከእኛ ሰማንያ ልጅ ከተጠቀጠቀበት ክፍል አልመጣም፤ እንዳለ ገልብጬ አልጭንብሽም። ግን መጽሐፉን መጨረስና ተማሪውን ማስተማር አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል። ኖት ስጡን ስለሚለው ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። የፊዚክስ ተማሪዎች እየሠሩ ሲማሩ ብዙ አወቁ፤ የተማሩ የመሰላቸው ግን ጥሩ ገለጻ ሲሰሙ ነው። ማወቅ አድካሚ ነው፤ ኖት አያደክምም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ መምህር ተማሪ ሲያጉረመርም በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጠመኔው ይመለሳል።

ሱፐርቫይዘሯ፦ እኔ ደግሞ መተሳሰሩ ራሱ ያስፈራኛል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ጠቅላላ ሳይንስ አድርጎ አንድ አድርጓል። በባዮሎጂ የሠለጠነችው መምህርት ፊዚክሱ ላይ ስትደርስ ፈጠን ፈጠን ብላ ታልፋለች፤ የፊዚክሱም ሰው አበባና ሥር ላይ እንዲሁ። ሁሉን ነካክቶ አንዱንም የማይጨብጥ መምህር እያፈራን እንዳይሆን።

መምህሩ፦ አራት ትምህርት በአንድ ወጥ ድስት ከተን ስናማስል ከሆነ እንደምትፈሪው ይሆናል። ትምህርቶቹን ማሰር ያለበት የክፍለ ጊዜ ሰንጠረዡ ሳይሆን ጥያቄው ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለችውን የፋግታ ለኮማ ወረዳን አስቢ። ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፉ ጋር አብሮ ያበቅለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የወረዳዋን ከተማ አዲስ ቅዳምን የለወጣት ይህ ዛፍ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሽታ ገብቶ ዛፉን ማድረቅ ጀመረ፤ ብዙ ገበሬ ከሰረ። አንድ ተማሪ "ለምን ደረቀ?" ብሎ ቢጠይቅ ይህ የማን ክፍለ ጊዜ ነው? ፈንገሱ ባዮሎጂ ነው፤ ዛፉ ናይትሮጅን ማጠራቀሙ ኬሚስትሪም ባዮሎጂም ነው፤ ከሰሉ ሲከስል የሚጠፋው ሙቀት ፊዚክስ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ ሲተክል በሽታው እንዴት እንደሚፈጥን ሒሳብ ነው። ጥያቄው አሰራቸው እንጂ ሚኒስቴሩ አይደለም። አፈሩም እንዲሁ ነው። ይህ አገር ዝናቡ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው አፈሩ ይኮመጥጣል፤ ገበሬው ኖራ በትን ይባላል። የአፈሩ ፒኤች ከ6 ወደ 5 ወረደ ማለት ኮምጣጤነቱ በዐሥር እጥፍ ጨመረ ማለት እንደሆነ ሎጋሪዝም የተማረ ሁሉ ማወቅ ነበረበት፤ ግን ሎጋሪዝም በሒሳብ ደብተር፣ ኖራው በግብርና ጽሕፈት ቤት ተለያይተው ቀሩ። የባዮሎጂ መምህርቷ ፊዚክስ ሁሉ አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት ጥያቄው ከእሷ ወሰን ሲያልፍ "ይህን አላውቀውም፣ ከእገሌ ጋር አብረን እናየዋለን" ማለት ነው። ያንን ማለት ደግሞ ከሚያስፈልጓት ክህሎቶች ሁሉ ከባዱ ነው፤ በተለይ እኛ አገር፣ መምህር አላውቅም ካለ የተዋረደ በሚመስልበት።

ሱፐርቫይዘሯ፦ ሁሉንም ብቀበልዎት አንድ ነገር ይቀራል። ደመወዙ ወር አያደርስም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንቱ መምህር ሥራውን ለቀቀ። ቤቱ እየተቃጠለ የመጋረጃ ቀለም የምንመርጥ አይመስልዎትም?

መምህሩ፦ ለዚህ መልስ የለኝም፤ ስቴምም የለውም። ደመወዝን በሥልጠና አንሞላውም፤ የተዘጋን በር ቴርሞሜትር አይከፍተውም። የምለው ይህችን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ሲመለስ የሁለትና የሦስት ዓመት ክፍተት ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ብዙ ረስቷል፣ አንዱ አልረሳም፣ አንዱ አጥፎ ተምሯል። መጽሐፉን ከገጽ አንድ ጀምሮ የሚያነብለት መምህር አይጠቅመውም። ልጁ የቱ ጋ እንደቀረ፣ ምን እንደተሳሳተ ጠይቆ የሚያገኝ መምህር ያስፈልገዋል። ስናወራለት የቆየነው ክህሎት ከወትሮው ይልቅ ያን ጊዜ ነው የሚፈለገው።

ሱፐርቫይዘሯ፦ እንግዲያው የእኔን ድርሻ ልናገር። ዕጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ፣ ማለትም ለፕራክቲከም፣ ሲወጣ የምንሞላለት የክፍል ምልከታ ቅጽ አለ። የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቷል ወይ፣ ሰሌዳ አጠቃቀሙ እንዴት ነው፣ ጊዜውን አክብሯል ወይ፣ ተማሪ አሳትፏል ወይ ይላል። ሙከራው ከታሰበው ውጭ ሲሆን ወይም ተማሪ ያልታሰበ መልስ ሲሰጥ ምን አደረገ የሚል መስመር የለበትም። እንዲያውም ሙከራው ከከሸፈ ነጥብ እንቀንሳለን፤ ስለዚህ ብልጡ ዕጩ ሱፐርቫይዘር በሚመጣ ቀን ሙከራ አያቅድም። የምንፈልገውን መምህር የሚቀጣው ቅጹ ነው፤ እሱን ደግሞ ለመቀየር በጀት አያስፈልግም።

መምህሩ፦ ኮሌጁም ቅጽ አለው። የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሲታረም 92 የጻፈ ተማሪ ይቀነስበታል፤ 100 የጻፈው ሙሉ ያገኛል። እዚያም መለወጥ አለበት።

ሱፐርቫይዘሯ፦ እንግዲህ ዕጩ መምህራንን የምታሠለጥኑም፣ የምትገመግሙም፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ፕራክቲከም ሁለት ነገር አድርጉልን። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ያልተጠበቀ ውጤት ሲገጥመው ምን አደረገ?" ለዕጩውም ማንቆርቆሪያና ቴርሞሜትር ስጡት፤ ስንት እንደሚያነብ ግን አስቀድማችሁ አትንገሩት።